ዩስቱስ ሊቢግ፦ ተማሪውን ከአግዳሚ ወንበር አስነሥቶ ከሥራ ያገናኘ መምህር

ሰው አንድን ሥራ የሚማረው ሲነገረው ነው ወይስ ሲሠራው? እኛ በመምህርነት ሙያ ላይ ያለንም ሆንን ለሙያው የምንሠለጥን ይህ ጥያቄ ቢቀርብልን መልሳችን አንድ ነው፤ ሲሠራው እንላለን። ዋና የሚለመደው ወንዝ ውስጥ ተገብቶ እንጂ ዳር ቆሞ አለመሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁንና በብዙ የትምህርት ክፍሎች ውስጥ የሚታየው ሌላ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ደወል ይደወላል፤ ትምህርቱም ተሰጠ ይባላል። ይህ ልማድ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለከፍተኛ ምርምር የሚዘጋጁትንም ጭምር የሚከተል ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ከ200 ዓመት በፊት ይህንኑ ልማድ ለመለወጥ የተነሣ የአንድ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ስሙ ዩስቱስ ሊቢግ ይባላል። ታሪኩን የመረጥነው ሰውየው የተደነቀ ሊቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሊቢግ ሌሎችን ሠርታችሁ ካላረጋገጣችሁ አትመኑ እያለ ያስተማረ ሲሆን፣ እሱ ራሱ ይህንን ደንብ በተወበት ጊዜ ደግሞ ያረመው የገዛ ተማሪው ነበር። ከዚህ የበለጠ ለመምህር የሚሆን ትምህርት ከየት ይገኛል? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የሱቅ ልጅ

ሊቢግ ሜይ 12 ቀን 1803 በጀርመን አገር፣ በሔሰን ግዛት፣ ዳርምሽታት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀለም፣ ቫርኒሽና ለመድኃኒት የሚሆኑ ቅመሞች የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከሚሸጠው ዕቃ አንዳንዱን በትንሽ ወርክሾፑ ራሱ እየቀመመ ያዘጋጅ ስለነበር ልጁ ዩስቱስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲፈላ፣ ሲጣራ፣ ሲደርቅ እያየ አደገ። ከከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የኬሚስትሪ መጻሕፍት እየተዋሰ ያነብና በመጽሐፉ ያገኘውን ሁሉ በአባቱ ዕቃ ይሞክር ነበር። የማይገባውን ነገር ደጋግሞ ከመሞከር አይቦዝንም። በዚህ ዓይነት ነገሮችን በመልካቸው፣ በሽታቸውና በጢሳቸው ለይቶ የማወቅ ችሎታ አዳበረ።

አንድ ጊዜ በገበያ ቀን ሲነካ የሚፈነዳ መጫወቻ የሚሸጥ ሰው አየ። ሰውየው ዕቃውን እዚያው ሰው ፊት ያዘጋጀው ነበር። ልጁ ቆሞ ተመለከተ፤ የሚወጣውን ጢስ አየ፤ ሽታውን ለየ፤ ከዚያም ቤቱ ሄዶ ያንኑ ነገር ሠራ። የዚያ ፈንጂ ነገር ጉዳይ በኋላ ዘመን ለትልቅ ምርምር ያበቃዋል፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

በትምህርት ቤት ግን ሊቢግ የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። የጊዜው ትምህርት ላቲንና ግሪክን በቃል መያዝ ነበርና እሱ ለዚያ አልታደለም። በእርጅናው ዘመን በጻፈው ማስታወሻ እንደሚያወሳው፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ምን ለመሆን እንደሚፈልግ ቢጠይቀው ኬሚስት መሆን እንደሚፈልግ መለሰ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አወካ፤ ኃላፊውም አብሮ ሳቀ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ኬሚስትሪ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንጀራ ያበላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ሊቢግ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1816፣ በአውሮፓ ከባድ ችግር ደረሰ። ባለፈው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ያስከተለው ጭጋግ ሰማዩን ስለሸፈነው ፀሐይ ደከመች፤ በበጋቸው ብርድ ሆነ፤ እህል ሳይበስል ቀረ፤ ሕዝብም ተራበ። ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ዓመት በጋ የሌለበት ዓመት ይሉታል። በኋላ ሊቢግ ስለ እርሻና ስለ አፈር ያደረበትን ጭንቀት ስናነብ ይህ የልጅነት ዘመኑ መታወስ አለበት።

አባቱ በ1817 ሄፐንሃይም በምትባል ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ እንዲለምድ ሰደደው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፈንጂ ሲሞክር የቤቱን ጣሪያ አናግቶ ተባረረ እየተባለ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ሌሎች ደግሞ አባቱ የማሠልጠኛውን ክፍያ መክፈል ስላቃተው ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ልጁ እንደገና ወደ አባቱ ወርክሾፕ ገባ።

ማሳየት ያልቻለው ፕሮፌሰር

በ1820 ሊቢግ ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ያስተማረው ካስትነር የሚባል ዝነኛ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር። ካስትነር ወደ ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሊቢግም ተከተለው፤ ምክንያቱም ፕሮፌሰሩ የማዕድናትን ይዘት እንዴት መርምሮ ማወቅ እንደሚቻል ሊያሳየው ቃል ገብቶለት ነበር። ሊቢግ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ሳይሆን ቀረ። እንደ ሊቢግ ምስክርነት ከሆነ ፕሮፌሰሩ ያልሳየው ለምን እንደሆነ በኋላ ገባው፤ ለካስ ራሱም አያውቅበትም ኖሯል። ስለ ምርመራ መናገር ይችላል፤ መመርመር ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ካስትነር ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሊቢግ የነፃ ትምህርት ዕድል እንዲያገኝ የረዳው እሱ ነው። ችግሩ የአንድ ሰው ሳይሆን የአሠራሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ የሚሰጠው በገለጻ ነው። ፕሮፌሰሩ ከፊት ቆሞ ይናገራል፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ሙከራ ያሳያል፤ ተማሪው ከሩቅ ያያል። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ እጅም ካልሠሩበት እንደዚያው ነው። እርግጥ ነው፣ እንደ ጎቲንገኑ ሽትሮማየር ያሉ ተማሪዎቻቸውን ላቦራቶሪ የሚያስገቡ ጥቂት መምህራን ከሊቢግ በፊትም ነበሩ። ነገር ግን ይህ የመምህሩ በጎ ፈቃድ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መደበኛ መንገድ አልነበረም።

በ1822 መጨረሻ ሊቢግ ከሔሰን ግራንድ ዱክ ባገኘው ድጎማ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያ ጌሉሳክ፣ ቴናር፣ ዱሎንግ የመሳሰሉትን የፈረንሳይ ሊቃውንት ሰማ። እነሱ የሚናገሩትን ሁሉ በሚዛንና በልኬት ሲያረጋግጡ አየ። የልጅነቱን ፈንጂ ውህድ እንደገና አንሥቶ በሥነ ሥርዓት መመርመር ጀመረ፤ ውጤቱም ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1823 ቀረበ። በዚያ የነበረው ታላቁ ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ወጣቱን ልብ አለው፤ ከጌሉሳክም ጋር አገናኘው።

ጌሉሳክ ተማሪ ወደ ግል ላቦራቶሪው የማያስገባ ሰው ነበር። ሊቢግን ግን አስገባው፤ ጎን ለጎን ቆመው ሠሩ። አንድ ሙከራ ሲሳካላቸው ጌሉሳክ በደስታ ወጣቱን ይዞ በጠረጴዛው ዙሪያ ይጨፍር እንደነበር ይነገራል። ሊቢግ በሁለት ዓመት ገለጻ ያላገኘውን በጥቂት ወራት የጋራ ሥራ አገኘው። በዚህም ጊዜ አንድ ሐሳብ በልቡ ተተከለ፤ እኔ በዕድል ያገኘሁትን ሌላው ተማሪ በሥርዓት ለምን አያገኝም የሚል ነበር።

የዘበኞች ቤት

በ1824 ሊቢግ በሁምቦልት ምክር በትንሿ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 21 ዓመት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ለላቦራቶሪ የሰጠው ቤት ከከተማው ዳር ካለ አሮጌ የወታደር ሠፈር የዘበኞች ማረፊያ የነበረውን ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ መሐሉ ላይ የከሰል ምድጃ ያለበት ነበር። መርዛም ጢስ የሚያወጣ ሙከራ ሲኖር ተማሪዎቹ ውጭ ወዳለው በረንዳ ወጥተው ይሠሩ ነበር።

ሊቢግ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለመድኃኒት ቅመማና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ተግባራዊ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም እንዲከፈት ሐሳብ ሲያቀርብ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት አልተቀበለውም። የዩኒቨርሲቲ ተግባር የመንግሥት ሹማምንትን ማስተማር እንጂ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሳሙና ሠሪና ጠማቂ ማውጣት አይደለም ተባለ። በእጅ የሚሠራ ሥራ ከምሁር ማዕርግ በታች ነው የሚል አስተሳሰብ በጊሰንም ነበር ማለት ነው። ይህን አስተሳሰብ እኛም አገር የምናውቀው ነው፤ አንጥረኛውንና ሸማኔውን ስም አውጥቶ የሚንቅ ማኅበረሰብ ከየት እንደሚጀምር ሩቅ ሳንሄድ እናገኘዋለን። ሊቢግ ግን አልተመለሰም። ተቋሙን መጀመሪያ በግል አቋቋመ፤ ለዕቃና ለረዳት ከሚወጣው ብዙውን ከራሱ ኪስ ከፈለ፤ ከባለ ሥልጣኖችም ጋር ስለ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ተጨቃጨቀ። በመጨረሻ ተቋሙ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆነ፤ በ1839ም ሰፋ ያለ ላቦራቶሪ ተጨመረለት።

እንዴት አስተማረ?

የሊቢግ ትምህርት በደረጃ የተደለደለ ነበር። አዲስ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያ በውስጣቸው ያለው ነገር ያልተጻፈባቸው ጠርሙሶች ይሰጡታል። በውስጣቸው ምን እንዳለ ራሱ መርምሮ መናገር አለበት። መምህሩ መልሱን ያውቃል፤ ግን አይነግረውም። ተማሪው በዚህ ዓይነት ንጥረ ነገሮችን እንደ ፊደል ይቆጥራል። ቀጥሎ መጠናቸውን በሚዛን መለካት ይማራል። ከዚያ አንዳንድ ውህዶችን ከመጽሐፍ በወሰደው መመሪያ ራሱ ያዘጋጃል። እነዚህን ደረጃዎች ያለፈ ተማሪ ገና ማንም ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ የራሱ ጥያቄ ይሆናል፤ መንገዱንም ራሱ ይፈልጋል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚሠራው ምርምር አንዱ ትልቅ ሥሩ እዚህ ነው።

ምርምር የጀመሩት ተማሪዎች በየማለዳው በሊቢግ ፊት ትላንት ምን እንደሠሩና ዛሬ ምን እንዳሰቡ ይናገሩ ነበር። ሊቢግ ይደግፋል፤ ይነቅፋል፤ ግን መንገዱን አይዝላቸውም። ሌሎቹም ይሰሙ ስለነበር አንዱ ከሌላው ስሕተትና ስኬት ይማራል። በክረምት ወራት ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዋና ዋና የወቅቱን ጥያቄዎች ራሱ ይዘረዝርላቸው ነበር። እንግዲህ ገለጻ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ። ተማሪው በሥራው ላይ ከገጠመው ችግር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ገለጻው በደረቁ የሚወርድ አልነበረም።

ተማሪዎቹ ከጎህ እስከ ምሽት ይሠሩ ነበር። ጊሰን ትንሽ ከተማ ናት፤ ልብን የሚሰርቅ መዝናኛ የለባትም። ሊቢግ በማስታወሻው እንደሚለው በላቦራቶሪው ውስጥ ምሬት የሚያሰማ ቢኖር የጽዳት ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ ማታ ሊጠርግ ሲመጣ ተማሪዎቹ አንወጣም እያሉ ስላስቸገሩት። የትኛው መምህር ነው እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ቢደርሰው የማይደሰት?

አንድ ሌላ ነገርም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ሊቢግ ለተማሪው ሥራ ሰጥቶ ብቻ አልተወውም፤ የሚሠራበትንም መሣሪያ ፈጠረለት። በዚያን ጊዜ ከዕፅዋትና ከእንስሳት በተገኘ ነገር ውስጥ ምን ያህል ካርቦን እንዳለ ማወቅ ለታላላቅ ሊቃውንት እንኳ ብዙ ቀን የሚወስድ አድካሚ ሥራ ነበር። በ1831 ሊቢግ አምስት ትንንሽ ኳሶች ያሉት የመስታወት ቱቦ ሠራ። በኳሶቹ ውስጥ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ይሞላል። የሚመረመረው ነገር ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፈሳሹ ውስጥ እያለፈ ይመጠጣል። ቱቦውን ከሙከራው በፊትና በኋላ መመዘን ነው፤ የክብደቱ ልዩነት የጋዙ መጠን ነው። አበቃ። ከእንግዲህ ይህን ሥራ ለመሥራት ሊቅ መሆን አላስፈለገም፤ ተጠንቅቆ የሚመዝን ተማሪ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ቻለ። የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ዓርማ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ይኸው ባለ አምስት ኳስ ቱቦ ነው።

እዚህ ላይ ለሙያችን የሚሆን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ተግባራዊ ትምህርት አይቻልም የሚባለው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ውድ ወይም ሥራው ረቂቅ ስለሆነ ነው። ሊቢግ ተማሪው ወደ መሣሪያው እስኪያድግ አልጠበቀም። መሣሪያውን ተማሪው እጅ ወደሚገባበት ደረጃ አወረደው።

ከጊሰን የወጡት

በ28 ዓመት ውስጥ ከ700 በላይ የኬሚስትሪና የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎች በሊቢግ እጅ አለፉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ፣ ቀደም ሲል በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ለተጨማሪ ሥልጠና የተጓዙ ነበሩ። ሴቶች ግን በመካከላቸው አልነበሩም፤ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዘመን በራቸውን ለሴት ዘግተው ነበርና።

ከተማሪዎቹ መካከል አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን የመጣው ሕግ ሊማር ነበር፤ ኬሚስት ሆኖ ቀረ። በ1845 ለንደን ውስጥ የተከፈተውን የንጉሣዊ ኬሚስትሪ ኮሌጅ እንዲመራ ተጠራ፤ የጊሰንንም ዘዴ ይዞ ሄደ። የሆፍማን ተማሪ የሆነው ፐርኪን በ1856 ገና በ18 ዓመቱ የመጀመሪያውን በሰፊው የተሸጠ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ኬኩሌ ሥነ ሕንፃ ሊያጠና መጥቶ የሊቢግን ትምህርት ሲሰማ ሐሳቡን ለወጠ፤ በኋላ የቤንዚንን የቀለበት ቅርጽ ለዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። ፍሬዜኒየስ በቪስባደን የራሱን ላቦራቶሪ በ1848 ከፈተ። አሜሪካዊው ሆርስፎርድ ደግሞ ወደ አገሩ ተመልሶ በሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆነ። እያንዳንዱ በሄደበት ለተማሪ ጠረጴዛ፣ ሚዛንና ጠርሙስ አቀረበ። በዚህ ዓይነት አንድ የዘበኞች ቤት የዓለምን የሳይንስ ትምህርት ለወጠ ብንል ማጋነን አይሆንም።

መምህሩ ደንቡን ሲረሳ

እስከዚህ ድረስ ያለው የምስጋና ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለውን ብንዘለው ግን ለመምህራን የሚጠቅመውን ግማሹን ደበቅን ማለት ይሆናል።

በ1840 ሊቢግ ኬሚስትሪን ከእርሻ ጋር የሚያያይዝ ዝነኛ መጽሐፍ አወጣ። ዕፅዋት ከአፈር ማዕድናትን እንደሚወስዱ፣ ምርት በተሰበሰበ ቁጥር አፈሩ እንደሚራቆት፣ የተወሰደው ካልተመለሰ መሬቱ እንደሚደኸይ አስረዳ። ካርል ሽፕሬንግል የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ቀደም ብሎ የደረሰበትን ሐሳብም አስፋፋ፤ ይኸውም የሰብልን ዕድገት የሚወስነው ከሁሉ ይበልጥ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው የሚለው ነው። ይህ ሁሉ ትክክልና ታላቅ ነገር ነበር።

ነገር ግን ሊቢግ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ዕፅዋት የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን ከአየርና ከዝናብ በበቂ ስለሚያገኙ ገበሬው በማዳበሪያ መልክ መጨመር አያስፈልገውም ብሎ ተከራከረ። በ1845ም በዚህ ሐሳብ የተቀመመ ማዳበሪያ በእንግሊዝ አገር በስሙ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ዝናብ አጥቦ እንዳይወስደው ተብሎ በእሳት ቀልጦ እንዲጠነክር ተደርጎ ነበር። ውጤቱ አሳፋሪ ሆነ። ማዳበሪያው በውኃ ስለማይሟሟ ሰብሉ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ ገበሬዎቹም ገንዘባቸውን ከሰሩ። በላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ሚሊግራም ሳይመዝን የማያልፈው ሰው በእርሻ ላይ በቂ ሙከራ ሳያደርግ በግምት ተናግሮ ነበርና።

ታዲያ ይህንን ማን አጋለጠ? በእንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ በሚባል ቦታ ጆን ቤኔት ላውስ የሚባል የመሬት ባለቤት በ1843 የእርሻ ሙከራ ጀመረ። ለዚሁ ሥራ የቀጠረው ኬሚስት ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ይባላል። ጊልበርት በ1840 የዶክትሬት ማዕርጉን ያገኘው በጊሰን፣ ከሊቢግ ዘንድ ነው! ሁለቱ ሰዎች የስንዴ ማሳውን በመደብ ከፋፈሉት። አንዱ መደብ ምንም አልተጨመረበትም፤ አንዱ የከብት ፍግ፣ አንዱ ማዕድን ብቻ፣ ሌላው ማዕድንና ናይትሮጅን ያለበት የአሞኒየም ጨው ተደረገበት። ዘሩ፤ አጨዱ፤ መዘኑ፤ ጻፉ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ማዕድን ብቻ ያገኘው ስንዴ ብዙም አልተሻሻለም፤ ናይትሮጅን ሲታከልበት ግን ምርቱ በግልጽ ጨመረ።

ሊቢግ ተቆጣ። ቁጡ ሰው እንደነበር ወዳጆቹም አይክዱም። በላውስና በጊልበርት ላይ ኃይለኛ ጽሑፎች አወጣ፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ጊልበርት ግን ስድብን በስድብ ከመመለስ ይልቅ እህሉን መመዘን ቀጠለ። እንግዲህ የጊሰን ትምህርት ማለት ይህ አይደለምን? ተማሪው ከመምህሩ የወሰደው ትልቁ ነገር የመምህሩን ቃል መድገም ሳይሆን የመምህሩን ቃል እንኳ በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነበር። ላውስና ጊልበርት ከ50 ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። ብሮድቦልክ የሚባለው የስንዴ ማሳቸው ሙከራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሊቢግ የቅርብ ጓደኛ ፍሪድሪሽ ቮለር በ1828 በላቦራቶሪው ውስጥ ዩሪያን ሠርቶ ነበር። ዛሬ ገበሬዎቻችን በጆንያ የሚገዙት ዩሪያ ለሰብሉ የሚሰጠው ሊቢግ መጨመር አያስፈልግም ያለውን ያንኑ ናይትሮጅን ነው።

ስለ ሊቢግ ፍትሐዊ እንሁን። ማዳበሪያው ከከሸፈ በኋላ በጊሰን ዳር አሸዋማ የሆነ ጠፍ መሬት ገዝቶ ለተወሰኑ ዓመታት ራሱ ሙከራ አደረገ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዌይ በ1850 አፈር ንጥረ ነገሮችን ይዞ የማቆየት ጠባይ እንዳለው ሲያሳይ ሊቢግም ጉዳዩን አጠናው። በ1862 በወጣው የመጽሐፉ አዲስ እትም ማዳበሪያውን እንዳይሟሟ ማድረጉ ስሕተት እንደነበረ በግልጽ ጻፈ። የዓለም ታዋቂ የሆነ የ59 ዓመት ሰው ተሳስቼ ነበር ብሎ በመጽሐፉ ላይ ማተሙ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዓመታት በጢስ ውስጥ መቆምና ተማሪን በየቀኑ መከታተል ጤናውን ጎድቶት ነበር። በ1852 የባቫሪያው ንጉሥ ማክሲሚሊያን 2ኛ ወደ ሙኒክ ሲጠራው ላቦራቶሪ ውስጥ የማስተማር ግዴታ እንዳይኖርበት ተስማምቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ገለጻ በመስጠትና በመጻፍ ኖረ። ኤፕሪል 18 ቀን 1873 በ69 ዓመቱ በሙኒክ ዐረፈ፤ እዚያው ተቀበረ። የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያ የዘበኞች ቤትም ከ1920 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ የተማሪዎቹን ጠረጴዛና ጠርሙስ ለጎብኚ ያሳያል።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን

ከሊቢግ ሕይወት የምንወስደው የጊሰንን ላቦራቶሪ አይደለም፤ የትም ትምህርት ቤት ያንን ሊሠራ አይችልም። ዘዴውን መውሰድ ግን ይቻላል። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ገንዘብ አይፈልግም። የሎሚ ጭማቂ፣ የአመድ ውኃና ንጹሕ ውኃ በሦስት ብርጭቆ ቀድቶ፣ ስማቸውን ደብቆ፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ወይም ካርካዴ የተቀቀለበትን ውኃ ለተማሪው መስጠት ነው። ጠብ ሲያደርግበት አንዱ ቀልቶ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ያያል፤ የትኛው አሲድ የትኛው ቤዝ እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል። አቅምሱኝ እንዳይል ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ የመምህሩ ድርሻ ነው።

የማለዳው ሪፖርትም እንዲሁ ወጪ የለውም። ተማሪው ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳገኘና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ በጓደኞቹ ፊት በሦስት ደቂቃ ይናገር። እጅ ብቻውን ቢሠራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ የተሠራው ሲነገር፣ ሲጠየቅና ሲታረም ነው ትምህርት የሚሆነው።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ለምንወጣ ሠልጣኞችና ተከታትለው ለሚገመግሙን መምህራን ደግሞ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የመምህሩ አንደበት ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ የተማሪው እጅ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሠራ በሰዓት ይለካ፤ በማስታወሻም ይያዝ። ቁጥሮቹን ከልምምዱ ስንመለስ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን እንለጥፋቸው። ሊቢግም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀን ሚዛኑ ምን አለ ብሎ ነው።